‹ባዶ› የተባለው ልብ

ባለፈው ሳምንት ሸዋገነትን የተውናት በአባቷ ጥያቄና በራሷ ዝምታ መሃል ተቀርቅራ ነበር። ታሪኩን ዛሬ የሚቀላቀለን አንባቢ ቅር እንዳይለው፣ እሷ ከተቀመጠችበት እስክትነሳ ድረስ ነገሩን ከሥሩ እናስታውስ።

ሸዋገነት የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ካሣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ይዘው ባቡር የሚያቆሙና የሚያሳልፉ ሰው ናቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብታ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በዚያ ኮሌጅ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በነፃ ትምህርት ዕድል የመጡ ወጣቶች አሉ። ለፋሲካ ዕረፍት ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እነዚህ ልጆች ጭር ባለው ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ አየችና ሆዷ ባባ። «እንግዲያው አገሬን ላሳያችሁ» አለቻቸው። «ገበያውን ታያላችሁ፣ ተራራ እንወጣለን፣ ዋሻው ውስጥ የጥንት ሰው የሣለውን ሥዕል ታያላችሁ።» ግብዣው ለሁሉም ነበር። ያሰበችው ግን አንዱን ብቻ ነው። ይህን የሚያውቁት እሷ፣ እግዚአብሔርና የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብቻ ናቸው።

ያ አንዱ ባራካ ይባላል። ከታንጋኒካ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ በእጁ አፉን የሚሸፍን ልጅ ነው። አማርኛ ያስተማረችው እሷ ናት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትይዩ ተቀምጠው፣ እሱ ደብተሩን እያየ እሷን፣ እሷም መስኮቱን እያየች እሱን፣ ዓመቱን ሙሉ ሲተያዩ ከረሙ። መተያየት ብቻ ቢያጋባ ኖሮ ይሄኔ ሦስተኛ ልጃቸውን ክርስትና ያስነሡ ነበር። ቃል ግን ከሁለቱም አፍ አልወጣም።

ድሬዳዋ በገቡ ማግስት፣ ዓርብ አመሻሹ ላይ፣ አቶ ካሣ ልጃቸውን በረንዳ ላይ ጠርተው ያሏትን ደግሞ እነሆ።

«ኃይለጊዮርጊስ ሽማግሌ ልኮብሻል» አሏት። ኃይለጊዮርጊስ ጉምሩክ የሚሠራ፣ ጠጪ ያልሆነ፣ እናቱን የሚጦር ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። እኔ አላስገድድሽም። ልብሽ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ንገሪኝ። ያ ረጅሙ ልጅ ምንሽ ነው?»

«አባዬ ደግሞ! የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው።»

«ሻይ ስትሰጪው ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመርሽለት።» አቶ ካሣ ከሩቅ የሚመጣ ባቡር ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ነው ያላቸው። «ታንጋኒካ የሚባለው አገር ባቡር አለው?»

«አለው ይላል።»

«ከእኛ ሐዲድ ጋር ይገናኛል?»

«አይገናኝም፣ አባዬ።»

አባትየው ፊታቸውን ወደ ጣቢያው መለሱ። ከዚያ፣ «በይ እስከ ነገ ማታ አስቢበት» አሏት። «ቀይ ካልሽኝ ሽማግሌዎቹን ከደጅ አቆማቸዋለሁ። አረንጓዴ ካልሽኝ ይገባሉ። ዝም ካልሽኝ ግን፣ ልጄ፣ ባቡር ዝምታ አይገባውም። ሰዓቱ ሲደርስ መግባቱ ነው።»

ሸዋገነት ያን ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አደረች። ባራካ አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ ቢተነፍስ፣ ቀዩን ለማውለብለብ ዝግጁ ነበረች። ሳይናገራት ግን ምን ብላ? ለማን ብላ የሰው ሽማግሌ ትመልሳለች? ተራራው ላይ ይናገር ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

*

ቅዳሜ በጠዋት ጉዞ ተጀመረ። እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ፣ «ከዚያ ሁሉ ወንድ ጋር ብቻሽን ተራራ አትወጪም!» ብለው ጎረቤታቸውን ፋዱማን አስከትለዋታል። ፋዱማ መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትነግድ፣ ሸዋገነትን ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገች፣ ለትልቁም ለትንሹም አፏ የማይሰስት ሴት ናት። ከሩቅ የሚታይ ቀይ ሻሽ አስራ፣ በዘንቢል ሳምቡሳና ቴምር ሞልታ፣ ከሁሉም ቀድማ ደጅ ቆማ ነበር።

«ስምህ ማነው አንተ ረጅሙ?» አለችው ገና ከማየቷ።

«ባራካ።»

«በረካ! ወላሂ ጥሩ ስም ነው። እንግዲህ በረከት ከሆንክ ይቺን ዘንቢል ያዝ።»

ባራካ ዘንቢሉን ያዘ። ሌሎቹ ሳቁ። ከሁሉም ይልቅ የሳቀው ከሞምባሳ የመጣው ጁማ ነው። ጁማ የባራካ የልብ ጓደኛ ነው፤ አንድ ክፍል ያድራሉ፣ በስዋሂሊ ያወራሉ። ኢትዮጵያ የገባው ዘንድሮ ስለሆነ አማርኛው «ደህና ነኝ» እና «ትንሽ ቀንስ» ከሚሉት ብዙም አይርቅም። የኋለኛውን የተማረው ገበያ ነው።

ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው፣ በመጋላ በኩል አድርገው፣ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ተራራ አቀኑ። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትጋረፍ ነበር። ቁልቋሉና ግራሩ እየሳሳ፣ ድንጋዩ እየበዛ፣ መንገዱ ቀጥ እያለ ሄደ። ከተማሪዎቹ ናይጄሪያዊው ሸሚዙን አውልቆ ራሱ ላይ ጠመጠመ። ሱዳኖቹ ከሳቅ ወደ ጸጥታ አለፉ። ባራካ ግን በረዶ ከማይለየው ተራራ ሥር የተወለደ ልጅ ነውና፣ የፋዱማን ዘንቢል ተሸክሞ እንደ ፍየል እየዘለለ ይወጣል። ደግሞ በየአሥር እርምጃው ዞር ይላል። ማንን እንደሚያይ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ያላወቀ የመሰለው ራሱ ብቻ ነው።

ሸዋገነት አንድ ቋጥኝ ላይ ደርሳ ትንፋሿ ተቆራረጠ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ልቤ ሊወጣ ነው!» አለች።

ባራካ ተመልሶ ወረደ። ኮዳውን ከፍቶ ሰጣት። ውሃውን እስክትጠጣ ጠበቀና፣ «በእኛ ቋንቋ ልብ ሞዮ ይባላል» አላት።

«ሞዮ» አለች።

«ሞዮ ዋኮ። ያንቺ ልብ ማለት ነው።»

«ያንተስ?»

ባራካ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ዓይኖቹ ዓይኖቿ ላይ ቆዩ። እሷም ሊናገር ነው ብላ ትንፋሿን ዋጠች። «ሞዮ ዋንጉ» አለና ኮዳውን ተቀብሏት ወደ ላይ ወጣ። ያ ‹ልቤ› ሰዋስው ይሁን ሌላ፣ ሸዋገነት እስከ ዋሻው ድረስ ስታወጣው ስታወርደው ሄደች። ፋዱማ ከኋላዋ፣ «አቦ ቶሎ ቶሎ በይ፣ ምን ታልሚያለሽ በቀን?» ትላታለች።

ዋሻው ውስጥ በቀይ ቀለም የተሣሉ፣ የደበዘዙ የእንስሳት ምስሎች ነበሩ። ተማሪዎቹ ክብሪት እየጫሩ አዩ፣ ተገረሙ፣ ስለ ዕድሜያቸው ተከራከሩ። ሸዋገነት ውሃ ልትሰጣቸው ወደ ዋሻው አፍ ስትመለስ፣ ባራካና ጁማ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቁልቁል ከተማዋን እያዩ ተቀምጠዋል። የዋሻው አፍ ድምፅ ያጎላል። ጁማ በአገጩ ወደ ዋሻው፣ ማለትም ወደ እሷ አመልክቶ ጠየቀ፦

«ኡሜምፉንጉሊያ ሞዮ ዋኮ?»

ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል አንዷን ቃል ለየቻት። ሞዮ። ልብ። ሞዮ ዋኮ፣ ያንተ ልብ። ስለ እሷ እያወሩ ነው! የባራካን መልስ ለመስማት መላ ሰውነቷ ጆሮ ሆነ።

ባራካ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ተነፈሰ።

«ባዶ» አለ።

ሸዋገነት ክው አለች። ባዶ! ጁማ ስለ ልቡ ጠየቀው፤ እሱም ልቤ ባዶ ነው አለ። ደግሞ በአማርኛ! ይህችን ቃል ያስተማረችው ራሷ ናት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቀለም ጠርሙሷን ዘቅዝቃ፣ «ባዶ፤ ምንም የለበትም» ብላው ነበር። እሱም ደጋግሞ ብሏት ነበር። እንግዲህ አጥንቶ የያዘውን ቃል ዛሬ መልሶ ልቧ ላይ ደፋባት።

እንባዋ ሳይቀድማት ወደ ዋሻው ተመለሰች። ክብሪት የሚጭረው ናይጄሪያዊ ቀና ብሎ አያትና፣ «ጭሱ ነው?» አላት። «ጭሱ ነው» አለችው።

*

ሲወርዱ ባራካ ቁልቁለቱ ላይ እጁን ዘረጋላት። አልፋው ሄደች። አንድ ነገር ሲጠይቃት «እም» ብላ መለሰች። ሌላ ሲጠይቃት «እም» እንኳ አላለችም። እሱ ግራ ተጋባ፤ ዘንቢሉን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወረ ትንሽ ከኋላዋ ተከተለ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ፊት ቀደመ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች ፋዱማ። «ስትወጪ ሙሽራ ነበርሽ፣ ስትወርጂ ለቅሶ ቤት።»

«ምንም።»

«እኔን ነው ምንም የምትይኝ? ጀርባዬ ላይ ሸንተሽ ያደግሽ ልጅ!»

«ፋዱማዬ፣ ዛሬ ማታ ለአባዬ አረንጓዴ ነው የምለው» አለች። «ይግቡ ሽማግሌዎቹ።»

ፋዱማ ቆመች። ወደ ፊት፣ ዘንቢሏን ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ወደሚሄደው ረጅም ልጅ አየች። «ያ ረቢ! ዘንቢሌን ይዞ ከተራራ ተራራ የዞረው ለሳምቡሳዬ ብሎ ነው?»

«ልቤ ባዶ ነው ብሏል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ፋዱማ ብዙ ቋንቋ ታውቃለች። ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ አደርኛ፣ ከዐረብኛም ለመጨቃጨቅ የሚበቃት ያህል። ለዚህች ቃል ግን በአንዱም መልስ አላገኘችላትም። የልጅቷን እጅ ያዘች።

መጋላ ዳር ደርሰው ደቻቱ አፋፍ ላይ ሲቆሙ ቀኑ ወደ ማታ እያዘነበለ ነበር። ከተማው ላይ ፀሐይ ነው። በስተደቡብ፣ ደጋው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ድልድዩ ራቅ ስለሚል ሁሉም በአሸዋው ያቋርጣል፤ በበልግ ግን ማዶ ያለውን ሰው ሳይጠይቅ አይወርድም። ከወዲህ በኩል አፋፉ ጠምዛዛ ስለሆነ የወንዙ አመጣጥ አይታይም። ማዶ የቆመ ሰው ነው የሚያየው። «ወንዙስ?» ብለህ ትጣራለህ። ምንም ከሌለ «ባዶ!» ይልሃል፤ ትሻገራለህ። ሸዋገነት በእግሯ መሄድ ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ እንዲህ ስትሻገር ነው የኖረችው።

ተማሪዎቹ ቀድመው ተሻግረዋል። ፋዱማ የተበጠሰ ጫማዋን ልታስር ተቀመጠች። ሸዋገነት ከባራካ ጋር እኩል ላለመሻገር ስትል ሆን ብላ ዘገየች። ማዶ አፋፍ ላይ ጁማ ቆሞ ወደ ላይ፣ ወደ ደቡብ ያያል።

«ጁማ! ወንዙስ?» ብላ ተጣራች።

ጁማ ዞሮ አያት። እጁን አወናጨፈ። ድምፁ ከአሸዋው በላይ ጥርት ብሎ መጣ።

«ባዶ! ባዶ!»

ይህች ቃል ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኗ ነው። ልቡም ባዶ፣ ወንዙም ባዶ፤ እንግዲህ ምን ቀረኝ፣ መሻገር ነው፣ አለች ሸዋገነት በሆዷ። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ አሸዋው ወረደች።

ጥቂት እንደተራመደች ከማዶ ጩኸት ሰማች። ቀና ስትል ባራካ ዘንቢሉን ወርውሮ አፋፉን እየተንሸራተተ ሲወርድ አየች። ሳምቡሳው በየአቅጣጫው ተበተነ። እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አሸዋውን እያቦነነ፣ በሙሉ ጉሮሮው እየጮኸ ይመጣል።

«ገና! ገና ነው! ሸዋገነት፣ ገና!»

ምኑ ነው ገና? ሳትረዳው ቆመች። ያኔ ሰማችው። ከመጠምዘዣው በላይ፣ የጭነት ባቡር ድልድይ ላይ ሲያልፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ደራሽ ጎርፍ! ባራካ ደርሶ ክንዷን ይዞ፣ መልሶ፣ ወደመጣችበት አፋፍ እየጎተተ አስሮጣት። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ያዘ። ፋዱማ አፋፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ሻሿን ፈታ ወረወረችላቸው። ባራካ አንድ እጁን በሻሹ፣ አንድ እጁን በሸዋገነት ወገብ ላይ ጠምጥሞ ወጣ። ከኋላቸው ደቻቱ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ጭቃ መስሎ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አለፈ።

ሦስቱም ትንፋሻቸው እስኪመለስ አፋፉ ላይ ወደቁ።

*

መጀመሪያ የተናገረችው ሸዋገነት ናት፤ የተናገረችውም በቁጣ ነው። ሰው ከሞት ሲተርፍ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል።

«ባዶ ብሎኛል እኮ! ጁማ ባዶ ነው ብሎኛል!»

«ጁማ አማርኛ አልተናገረም» አለ ባራካ። ጥርሶቹ ይንቀጫቀጫሉ። «በእኛ ቋንቋ ነው የመለሰልሽ። ውሃው አልፏል ወይ ብለሽ የጠየቅሽው መስሎት ነው። ‹ባዶ› አለሽ።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ! ባዶ!»

«ባዶ በስዋሂሊ ‹ገና› ማለት ነው።»

«ምን?»

«ገና። ገና አላለፈም፣ ገና አትምጪ። እኔ እዚያ ሆኜ ስሰማው፣ አንቺም ስትወርጂ ሳይ፣ ያኔ ያ የቀለም ጠርሙስ ትዝ አለኝ። እንደተሳሳትሽ ገባኝ።»

ደቻቱ ያጓራል፣ ፋዱማ በየቋንቋዋ አምላክን ታመሰግናለች፣ ሸዋገነት ግን አንዱንም አልሰማችም። ከተራራው አናት አንሥቶ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ በዝግታ መነቃነቅ ጀመረ።

«ባራካ።»

«አቤት።»

«ዋሻው አፍ ላይ ጁማ ምን ብሎ ጠየቀህ? ስለ ልብህ የጠየቀህን ንገረኝ።»

ባራካ ደነገጠ። ጎርፍ ያላስደነገጠው ልጅ ከዚህች ጥያቄ የሚሸሽበት አጣ። አንገቱን ደፋ። «ሰምተሻል?»

«ንገረኝ።»

«‹ልብህን ከፈትክላት ወይ?› ነው ያለኝ።»

«አንተስ?»

«ባዶ አልኩት።» ቀና ብሎ አያት። «ገና። አልነገርኳትም፣ ገና ነኝ አልኩት።»

ሸዋገነት ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ እንባዋ እየወረደ ሳቋ አልቆም አለ። ፊቷን በእርጥብ ነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀችና አለቀሰች። ባራካ የቱን እንደሚያባብል ግራ ገብቶት እጁን ዘርግቶ ይመልሳል፣ ዘርግቶ ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ የተሸከመችው ነገር አብሮ ሲፈስ ይሰማት ነበር። እንዲህ ያለ እፎይታ በዕድሜዋ አታውቅም።

«ልብህ ባዶ ነው ያልክ መስሎኝ ነበር» አለችው ድምፅ ሲመለስላት። «ተራራውን የወረድኩት ሞቼ ነው።»

«ሸዋገነት! የእኔ ልብ?» አለ ባራካ። «ዓመት ሙሉ ሞልቶብኝ ነው እንጂ! ከሞላው የትኛውን አስቀድሜ እንደማወጣ ጠፍቶኝ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? እኔ እኮ ለማን ብዬ እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር።»

«በእኛ ዘንድ ለልጅቷ ከመናገር በፊት አባቷ ፊት የሚቆም ሽማግሌ ይፈለጋል። እኔ እዚህ ማን አለኝ? ጁማን ሽማግሌ ሁነኝ ብለው አባትሽን ‹ትንሽ ቀንስ› ይላቸዋል።» በእጁ አፉን ሸፈነ። ከዚያ እጁን አወረደ፤ ዛሬ ፊቱን አልደበቀም። «የአባትሽን እንጀራ በልቼ፣ ቤታቸው አድሬ፣ ከጀርባቸው ልናገርሽ አልቻልኩም። ለዚህ ነው። እወድሻለሁ።»

ሸዋገነት ይህን ቃል በስንት መልኩ ስታስበው ከርማለች፤ በጭቃ ተለውሳ እንደምትሰማው ግን አልገመተችም። እጇን ሰጠችው።

«ትምህርትህን ስትጨርስ ትሄዳለህ» አለች ቀስ ብላ። «አባዬ ሐዲዱ ይገናኛል ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አይገናኝም አልኩት።»

«አይገናኝም» አለ ባራካ። አልዋሻትም። «እንዴት እንደሚሆን ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እዚሁ አስተምራለሁ። ምናልባት እናቴን ልታዪ መርከብ እንሳፈራለን። እንዴት የሚለውን አብረን እንፈልገው። ብቻዬን ግን ከዚህ አገር አልወጣም።»

ሸዋገነትም እጇን ከእጁ አላወጣችም።

«አቦ እኔ አልሰማሁም» አለች ፋዱማ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ፣ የተፈታ ፀጉሯን በነጠላዋ እየሸፈነች። «ምንም አልሰማሁም። ያ ሁሉ ሳምቡሳ ግን አንጀቴን ቆረጠው።»

ደራሽ ሲመጣ ድሬዳዋ ቤት አይቀመጥም። ማዶና ማዶ አፋፉ በሰው ተሞላ። ከከዚራ ሰፈር፣ ከጣቢያው እየሮጡ፣ የሥራ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ አቶ ካሣ መጡ። ጁማ እጃቸውን ይዞ ወደዚህ ሲያመለክት ሸዋገነት አየች። አባቷ ልጃቸውን ሲያዩ ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ጎንበስ አሉ፤ ከሩቅም ቢሆን እንዴት እንደተነፈሱ ይታወቅ ነበር።

ሲቃኑ አንድ ነገር ጮኸው ተናገሩ። አልተሰማም። ደቻቱ የሚያስደምጥ አይደለም። አቶ ካሣ ግን ድምፅ በማይደርስበት ቦታ መነጋገርን እንጀራቸው ያደረጉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ አጠገቧ፣ እጇን እንደያዘ የቆመውን ረጅም ልጅ አዩ። ቆይተው ሁለት እጃቸውን ጎንና ጎን ዘረጉ፤ መልስሽ ምንድን ነው ማለታቸው ነበር።

ሸዋገነት የፋዱማን ቀይ ሻሽ ከመሬት አነሣች። ውሃው ይንጠባጠብ ነበር። ልጅ ሆና የባቡር ጣቢያው መድረክ ላይ ከአባቷ ጎን ቆማ እንደተማረችው፣ በሁለት እጇ ወጥራ፣ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ቀይ። ይቁሙ።

አቶ ካሣ ለጥቂት ጊዜ ሳይነቃነቁ ቆዩ። ባራካ ምን እየሆነ እንደሆነ ባይገባውም፣ አጠገቧ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ አባትየው ኮፍያቸውን አወለቁና ከፍ አድርገው ያዙት። ጣቢያው ውስጥ ምልክቱ ደርሶኛል ማለት ነው። ኮፍያውን መልሰው ሊያደርጉ ሲሉ ሐሳባቸውን ቀየሩ መሰለ፤ እንደገና አወለቁትና፣ በዚህ ጊዜ ወደ ባራካ አቅጣጫ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። ባራካ እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ መለሰ። ማዶ ያለው ሕዝብ ነገሩ ሳይገባው አጨበጨበ፤ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ጁማ ነው።

ሸዋገነት ሻሹን አወረደችና ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባቷ ደጅ ቆመው የኃይለጊዮርጊስን ሽማግሌዎች በአክብሮት ይመልሳሉ። ያዝናሉ፤ ሰውየው ጥሩ ሰው ነውና እሷም አዘነችለት። ይህን ሁሉ እያወቀች ልቧ ቀለላት።

ደቻቱ እንደ አመጣጡ ነው አካሄዱ፤ ሲሄድም ይቸኩላል። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ውሃው ሳስቶ፣ ጥጉን ይዞ፣ አሸዋው ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ተገለጠ። ሰዎች ከማዶ መውረድ ጀመሩ። ፋዱማ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች።

«በሉ፣ እንሂድ። ካሣ ቆሞ ይጠብቃል። በይ እስቲ አንቺ እዪው፣ ወንዙስ?»

ሸዋገነት ወንዙን አየች። ከዚያ ባራካን አየች።

«ባዶ» አለች።

ፋዱማ ሰማችና ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ አሸዋው ወረደች። ባራካም ሰማ፤ እሱ ግን ፈገግ ብሎ፣ ከቆመበት መልሶ ተቀመጠ። ሁለቱም በትክክል ነው የሰሟት። ሸዋገነትም አጠገቡ ተቀመጠችና፣ እርጥቡን ቀይ ሻሽ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዓመት ሙሉ ያልተነፈሰችውን ትንፋሽ በሙሉ አወጣችው።